ከአሮጌው ሕንፃ ጀርባ

የጠዋቱ ፈረቃ ተማሪዎች ወጥተው፣ እኔም የታሪክ ክፍለ ጊዜዬን ጨርሼ ወደ ቤቴ ሳመራ፣ ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት ካለው የመብራት ምሰሶ ጀርባ አንድ ሰው ቆሞ አየሁ። ምሰሶው ቀጭን፣ ሰውየው ወፍራም። የተደበቀ የመሰለው ለራሱ ብቻ ነበር። ጠጋ ስል ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ናቸው። የመለኪያ ሜትራቸውን ከአንገታቸው ስለማያወርዱ ሰፈሩ በሙሉ «ጋሽ ሜትር» ይላቸዋል።

«ደኅና ዋሉ ጋሽ ሜትር? ማንን እየጠበቁ ነው?»

«ታክሲ» አሉ።

«በዚህ በኩል ታክሲ አያልፍም እኮ።»

«ለዚህ ነዋ የዘገየብኝ!» አሉና፣ ዐይናቸውን ከበሩ ሳይነቅሉ ክንዴን ያዙኝ። «መምህር፣ ስለ ልጅቷ የሚያውቁትን ይንገሩኝ። እባክዎን አይደብቁኝ።»

ልጅቷ የልጃቸው ልጅ ናት። እናቷ በአንድ ሆቴል ልብስ አጣቢ ሆና አዳሯም ውሎዋም እዚያው ስለሆነ፣ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። «እናትዬ» ብለው ነው የሚጠሯት። ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ የማስተምራት እኔ ነኝ።

«ምን አጠፋች?»

«ያጠፋችውን ባውቅማ ምሰሶ ምን ያሳቅፈኛል? ይኸውልዎት፣ ትምህርት ካበቃ በኋላ ትቆያለች። ስትመጣ እጅጌዋ እርጥብ ነው። የት ነበርሽ ስላት ክበብ ትለኛለች። ክበብ ያረጥባል? ከሱቄ ደግሞ የጥጥ ቁርጥራጭ ይጠፋል፤ ቀለም ያለው ሳይነካ ነጭ ነጩ ብቻ። ትናንት በአጥሩ በኩል በዐይኔ ተከተልኳት። ከጓደኞቿ ጋር ወዴት ስትታጠፍ ያየኋት ይመስልዎታል?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከአሮጌው ሕንፃ ጀርባ!»

«ከሕንፃው ጀርባ ምን አለ?»

«እርስዎ እዚህ ያስተምራሉ፤ እኔ ግን እዚህ ተምሬያለሁ። ሲጋራው እዚያ ነበር፤ ቁማሩ እዚያ ነበር፤ ቡጢውም እዚያ። የደኅና ሰው ልጅ እግሩ አይረግጠውም ነበር።»

«እርስዎ ታዲያ በምን አወቁ?»

«እሱን ይተዉት» አሉ ቆጣ ብለው። «ነገሩ አልቋል። ከነገ ጀምሮ ትምህርት ይበቃታል። ሱቅ ገብታ ዐይኔ ሥር ትውላለች።»

ጥርጣሬ እንደ ጉንፋን ይጋባል። እኔም ሴት ተማሪዎች ጀሪካን ይዘው ወደዚያ ሲታጠፉና እኔን ሲያዩ ወሬ ሲያቋርጡ ማየቴ ትዝ አለኝ። ሆኖም ልጅን ሳይጠይቁ መፍረድ አግባብ ስላልሆነ፣ አብረን ሄደን እንድንጠይቃት ለመንኳቸው። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ የሽማግሌውን ኪስ እንኳ ሊፈትሽ ቃጥቶ ነበር፤ ስለ እኔ ሲል አሳለፋቸው።

እንደ ደወል ከሚደበደበው የመኪና ቸርኬ አልፈን፣ ከአሮጌው የድንጋይ ሕንፃ ጀርባ ስንደርስ፣ ድሮ የተሰበረ ወንበር ይጣልበት የነበረው ዕቃ ቤት በሩ ተዘግቷል። ከውስጥ አንዲት ልጅ «ሰው መጣ! ደብቁት!» አለች።

«ሰሙ? ደብቁት አሉ!» አሉ ጋሽ ሜትር፤ በሩንም በቡጢ መቱት።

የከፈተችው የልጅ ልጃቸው ናት፤ በእጇ መርፌ ይዛለች። ከኋላዋ ጀሪካን፣ ሳፋ፣ አንድ አግዳሚ ወንበርና ነጫጭ ጨርቅ የተሰጣበት ገመድ አየሁ። ሽማግሌው አንዱን ጨርቅ መንጭቀው አወረዱ።

«ይሄ የእኔ ጨርቅ ነው!»

«አዎ አባባ።»

«ምን ልትሠሪበት?»

«ቤት ልንገርዎት። መምህሩ እዚህ ቆመዋል።»

«እዚሁ ንገሪኝ! ምስክር እንዲሆኑ ነው ያመጣኋቸው!»

«እንግዲያው የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ነው።»

ጨርቁ ከእጃቸው ወደቀ፤ የጋለ ካውያ የያዙ ይመስል ነበር።

«እ... እሱ ነገር? እሱ ነገር በትምህርት ቤት ይወራል? ነውር አታውቁም? በእኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ጉድ አልነበረም!»

«በእናንተ ጊዜ ሴት ተማሪም አልነበረም አባባ» አለች ልጅቷ በትሕትና። «ትምህርት ቤቱ የተሠራው ለወንዶች ነው። መምህሩን ይጠይቋቸው።»

እውነቷን ነበር። ሴቶች እንዲገቡ ሲፈቀድ ወንበር ተጨመረላቸው፤ በኋላም ቤተ ሙከራና ቤተ መጻሕፍት ተጨመረ። የሚቆለፍ በርና ውኃ ያለው ክፍል ግን ማንም አልጨመረላቸውም። ይህንኑ ለጋሽ ሜትር ነገርኳቸው።

«አንዲት ልጅ በየወሩ ጥቂት ቀን ቤት ትቀራለች» ብላ ቀጠለች። «ያን ጊዜ ያለፋትን ሒሳብ ሳትይዝ ሌላ ወር ይደርሳል። በመጨረሻ ትምህርት አይገባትም ይሏታል። እዚህ ግን ታጥባ፣ ለውጣ፣ ትንሽ አረፍ ብላ ወደ ክፍሏ ትመለሳለች።»

«ጨርቁን ብትጠይቂኝ እነፍግሽ ነበር?»

«አይነፍጉኝም። ግን ለምን ብለው ይጠይቁኛል። መልሱን ይሰሙኝ ነበር?»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሹ። ጥርጣሬያቸው ግን ገና አልለቀቃቸውም።

«ወንዶቹስ? እዚህ አይመጡም?»

«ይመጣሉ። ውኃ ቀድተው በሩ ላይ አስቀምጠው ይሄዳሉ።»

«ዝም ብለው? ምን ፈልገው?»

«ኧረ አባባ!» አለች፤ ጓደኞቿም ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እሷ ግን ወዲያው ኮስተር አለች። «እናቴ ከአሥረኛ ክፍል ለምን እንደቀረች ያውቃሉ?»

«ሰነፈች። በየወሩ ራሴን አመመኝ እያለች ትተኛ ነበር። ካልተማረች ብዬ አስቀረኋት።»

«ራሷን አልነበረም አባባ።»

ጋሽ ሜትር አግዳሚው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሜትራቸውን ከአንገታቸው አውርደው እጃቸው ላይ ጠመጠሙት፤ ፈቱት፤ እንደገና ጠመጠሙት። አምስት ዓመት ስንጎራበት ያለ ሜትር ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር።

«ለእኔ አልነገረችኝም» አሉ።

«ለማን ትንገር?»

ጎንበስ ብለው የጣሉትን ጨርቅ አነሡ፤ ገለበጡትና በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ይህን ማን ነው የሰፋው?»

«እኔ።»

«ይቆረቁራል። ጠርዙ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነው የሚሰፋው። ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎን ከሩቅ እያየሁ ነው የተማርኩት።»

«ከሩቅ አይሆንማ! ነገ ከትምህርት መልስ የስፌት መኪናው ላይ ትቀመጫለሽ። ከትምህርት መልስ ነው ያልኩሽ፤ እንዳትቀሪ ደግሞ!»

ከዚያ በኋላ ያየሁትን ጥቅም አንባቢ ይመዝነው። ስም ስጠራ በየወሩ ባዶ ይሆኑ የነበሩ ወንበሮች ሰው ያዙ። አይገባቸውም የተባሉ ልጆች ጥያቄ መጠየቅ ጀመሩ። የንጽሕና ትምህርት ሲሰጥ አንገታቸውን ይደፉ የነበሩት ቀና አሉ። ርእሰ መምህሩም ለዚያ ክፍል ቧንቧ አስገቡለት። በመጠርጠር ፈንታ መጠየቅ፣ በመደበቅ ፈንታ መናገር ምን ያህል እንደሚያተርፍ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

አንድ ቀን፣ በዕረፍት ሰዓት፣ ጋሽ ሜትር ትልቅ ጥቅል ተሸክመው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ደረሱ። ጥበቃው በጥርጣሬ ከላይ እስከ ታች አያቸው።

«ወዴት ነው?»

«ከአሮጌው ሕንፃ ጀርባ።»

«ከሕንፃው ጀርባ? ምንድን ነው የያዙት? ይፍቱት!»

ግቢው በተማሪ ሞልቷል። ላስረዳላቸው ስሮጥ ቀደሙኝ፤ ድምፃቸው ቸርኬው ድረስ ተሰማ።

«የወር አበባ ንጽሕና መጠበቂያ ነው! ልጄ በዚህ ምክንያት ከዚህ ግቢ ቀርታለች። የልጅ ልጄ አትቀርም። በል በሩን ክፈት!»