የተመረቀው ቧንቧ

— ሄሎ?… አዎ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ነው። ማን ልበል?… ልጄ! አንቺ ነሽ እንዴ?… ምን አልሽኝ?… አንብቤው ነው ወይ?… ምኑን?

— ቆይ እስቲ፣ ሰላምታ ይቀድማል! ሁለት ሳምንት ሙሉ ባሕር ማዶ ከርመሽ፣ እናት እንዴት ነሽ አይባልም?… እኔማ ደህና ነኝ። ማሽኑ እየጮኸ ድምፅሽ ከጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስለኛል… አንቺ ቀጮ! ያን ማሽን አንድ ጊዜ አጥፊልኝ! ልጄ ናት፣ ከኤርፖርት ነው… አዎ፣ ካውያሽን ቀጥዪ፣ አንቺን አይመለከትሽም።

— እሺ፣ አሁን ትሰሚኛለሽ?… በእጅ ስልኬ ለምን አልደወልሽም?… አሃ፣ ሥራ ላይ ድምፁን አጠፋዋለሁ፣ ባለቤቱ ይቆጣል። በማን ስልክ ነው የምታወሪው?… በወንጌል ቡድናችሁ መሪ። ጌታ ይባርከው። ነገ ጠዋት ትገባላችሁ አይደል? አልጋሽን አንጥፌልሻለሁ። የአባትሽንም ኮት እዚሁ አሳጥቤ…

— ምን?

— ምን ማለት ነው አይመጣም? አውሮፕላኑ ሞላ?… አልሞላም። አመመው? ልጄ፣ አመመው እንዴ? እውነቱን ንገሪኝ፣ ደሙ ከፍ አለ?… ደህና ነው። አጠገብሽ ቆሟል። ታዲያ በእግሩ ቆሞ፣ ትኬት ይዞ፣ ምን ሆኖ ነው የማይመጣው?…

— ስንት?… ስድስት ወር!

— የጌታ ያለህ… ቀጮ፣ ያን ወንበር አቀብዪኝ። ቶሎ በይ!

— አለሁ፣ አለሁ፣ አልወደቅሁም። ለመሆኑ ማን ፈቀደለት?… እኔ?… እኔ ነኝ የፈቀድኩት? አንቺ ልጅ፣ ያ አገር ፀሐዩ መታሽ ወይ?… መቼ ነው እሺ ያልኩት?… ሐሙስ?

— ቆይ… ሐሙስ የመጣችውን ነው?… ያቺን ረጅሟን መልእክት?…

— ሄሎ?… አለሁ። አልተቋረጠም።

— ስሚኝ ልጄ። መሪሽ አጠገብሽ አለ?… ራቅ በይልኝ። ራቅሽ?… አላነበብኳትም። በቃ፣ ይኸው ነው እውነቱ። አላነበብኳትም።

— እንዴት ማለት ጥሩ ነው። አባትሽ ከሄዳችሁበት ቀን ጀምሮ ይጽፍልኝ ነበር፣ አጭር አጭር። «ደረስን» ይላል። አነባታለሁ። «በልተናል» ይላል። እሷንም አነባለሁ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። የማታ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩን መምህር ራሳቸው፣ «እርስዎ ከሁሉም ቀድመው ሄደዋል» ብለውኛል እኮ! ለሁሉም «እሺ» ብዬ እመልሳለሁ። ሐሙስ ዕለት ያቺ መጣች። እንደ ስብከት የረዘመች። ከላይ እስከ ታች ሳያት ዓይኔ እየተንሸራተተ ወረደ። ለጎረቤት አላስነብባት፣ የባልና የሚስት ነገር ለጎረቤት አይነበብም። ለቀጮ አላሳያት፣ እሷ እቴ… አይ፣ አንቺን አይደለም ቀጮ፣ ሌላ ቀጮ ነው… «ደህና ነን፣ ተግተን እየሠራን ነው» ከማለት ሌላ ምን ይጽፋል ብዬ «እሺ» አልኩት። ምን ላድርግ? «አላነበብኩትም» ልበለው? በኔ ስንት ይኮራል!

— አትሳቂ… እያለቀስሽ ነው እንዴ?… ምን አለ?… «እናትሽ በሃያ ስድስት ዓመት አንዴም እሺ ብላ ዝም ብላ አታውቅም፣ ደውዪና ጠይቂልኝ» አለ? አያፍርም!… ውሸቱን ግን አይደለም።

— አሁን ስንት ደቂቃ አላችሁ?… ሃያ። ሻንጣውስ?… በእጁ ነው። እንግዲያው ይሳፈር! ምን ይጠየቃል! እኔ እሱን የላክሁት አንቺን እንዲጠብቅልኝ ነው እንጂ ለወንጌል ነው? እሱ ለቤተ ክርስቲያን ምኑ ነው? በሠርጋችን ቀን ገብቶ ወጣ፣ ከዚያ ደግሞ ጣሪያው ያፈሰሰ ጊዜ ገባ። መሪያችሁ «ቧንቧ ሠራተኛ ከሆነማ በረከት ነው» ባይል ኖሮ ማን ይወስደው ነበር?

— ሥራው አላለቀም?… እንዴት አላለቀም? ልትሠሩ የሄዳችሁት የክሊኒኩን ቧንቧ አይደል? አልቋል እኮ! በዓይኔ አይቼዋለሁ። እሁድ በትልቁ ስክሪን አሳዩን፣ አንቺ ሁለት እጅሽን ዘርግተሽ፣ ውሃው እየፈሰሰ፣ መሪያችሁ እጁን ጭኖ እየጸለየ። ጉባኤው በሙሉ ቆሞ አጨበጨበ። እኔማ መዳፌ እስኪቀላ ነው ያጨበጨብኩት። አጠገቤ ያለችውን ሴትዮ «የኔ ናት» ብዬ በክርኔ ስጎስማት…

— ምን?… አልሰማሁሽም፣ ድገሚልኝ።

— በባልዲ ማለት?

— ቀጮ፣ ዝም በይ አንዴ!… ታንከሩን በባልዲ ሞላችሁት?… ፓምፑ ከጉድጓዱ ጋር አልተገናኘም… እህ… ለፎቶው ብቻ… ፎቶው ካለቀ በኋላስ?… ግማሽ ሰዓት ፈስሶ ደረቀ።

— እኔ አላምንም። ማነው እንዲህ አድርጉ ያለው?… እሱ ራሱ?… «ገንዘብ ያዋጡት ምእመናን ልባቸው እንዳይሰበር» አለ? «የሚቀጥለው ቡድን ይጨርሰዋል» አለ?… የሚቀጥለው ቡድን መቼ ነው የሚመጣው?… የዛሬ ዓመት!

— ልጄ… አንቺም ተሸክመሻል?

— መልሺልኝ እንጂ። ባልዲውን፣ አንቺም?… ስንት?… ዘጠኝ ባልዲ።

— ውሃውን ከየት አመጣችሁት?… ሴቶቹ ቀድተው ያስቀመጡትን? ሁለት ሰዓት በእግራቸው ሄደው የቀዱትን? የነሱን ውሃ ወስዳችሁ፣ የነሱ ታንከር ውስጥ ጨምራችሁ፣ ውሃ አመጣንላችሁ ብላችሁ ፎቶ…

— አይ፣ አልቆጣም። ለመቆጣትም እኮ ምላስ ያስፈልጋል። ምላሴ ደርቋል… አንቺ ታማኝ ልጅ ነሽ፣ አውቃለሁ። ታላቅ ሰው ሲያዝ ማን እምቢ ይላል። ግን ዘጠኝ ባልዲ፣ ልጄ… አራተኛው ላይ እንኳ እጅሽ አልከበደሽም?

— ስጪኝ። አባትሽን ስጪኝ። መሪሽ ቢቸኩል ይቸኩል!

— አንተ ሰውዬ!… ደህና ነኝ አትበለኝ! ክኒንህን የያዝከው ለአሥራ አምስት ቀን ነው፣ ቆጥሬ የሰጠሁህ እኔ ነኝ። ስድስት ወር በምን ልትኖር ነው፣ በጸሎት? አንተ ደግሞ መቼ ጸልየህ?… የክሊኒኩ ነርስ ይሰጡሃል?… እሳቸው ስለ አንተ ደም ምን ያውቃሉ? ሽቅብ የሚወጣው ስትናደድ እንደሆነ ነግረሃቸዋል?… ልጅቷ ከሁለት ወር በኋላ ሥራዋ ወደመደባት ከተማ ትሄዳለች። እኔስ ከማን ጋር ልቀመጥ? ከግድግዳው ጋር ላውራ?

— ምን አልክ?… «እንግዲያው እመጣለሁ»?

— ቁም! ማን ና አለህ? ሻንጣውን አስቀምጥ!… አንሳም አላልኩህም! ቁም ነው ያልኩህ። እስቲ ይቺን መልእክት ልያት መጀመሪያ… እንዳትነግረኝ! ዝም በል። የጻፍከው ለኔ አይደል? እንግዲያው አነበዋለሁ። ቀጮ፣ መነጽሬን ከኮቴ ኪስ… ግራ ኪስ… ተባረኪ።

— ይኸው አገኘኋት። ጀመርኩ… «ው… ውዴ»…

— ውዴ? ውዴ ትላለህ? በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ቀን በአፍህ ወጥቶ ያውቃል?… ሁለት ቀን ሙሉ ኪሴ ውስጥ «ውዴ» ተኝታ፣ እኔ… ተወው። ተወው፣ ልቀጥል። «ፓምፑ… ከ… ከጉድጓዱ ጋር… አልተገናኘም። ቧንቧው… ባዶ ነው።» ይህንን ነገረችኝ። «ቅዳሜ… ፎቶ… ተነሡ። ሰኞ… አንዲት… አ… አራስ»… አራስ ነው?… አዎ፣ አራስ። «አንዲት አራስ… ልጇን… ልታጥብ… ቧንቧውን… ከፈተች። ጠብ… አላለም። እኔ… ቆሜ… አየኋት። እጄ… እጄ»…

— ዝም በል አልኩህ፣ እደርስበታለሁ! «እጄ… አፈረ።»

— «ስድስት ወር… ቢበዛ… ይበቃኛል። ክሊኒኩ… ማደሪያ… ይሰጠኛል። ግን… አንቺ… ና ካልሽኝ… እመጣለሁ። ሳልጠይቅሽ… አላደርገውም። ምን… ትያለሽ?»

— ቀጮ፣ ካውያው! ካውያውን አንሺው፣ አንሶላው ሸተተ! የሆቴል አንሶላ ነው፣ ምን ቆመሽ ታለቅሻለሽ?

— አለሁ… አለሁ እኮ። አንብቤ ጨረስኩ። እያንዳንዷን… አታሞግሰኝ፣ ጊዜ የለንም።

— አራሷ ምን አደረገች?… ከዚያ በኋላ ነው የምልህ፣ ባዶ መሆኑን ስታይ… መልሳ ዘጋችው?… በደንብ አጥብቃ? እንዳይንጠባጠብ?…

— አንተ ሰውዬ፣ ምን ጉድ ውስጥ ከተትከኝ። ሌባ ብትሆን ይሻለኝ ነበር፣ ፈትቼህ እገላገል ነበር። ጎረቤት ኩሽና ውስጥ አንድ ቧንቧ ላላ ብሎ ቢያድር እንኳ እንጀራ የማይበላ ሰው፣ ይህን አይተህ መጥተህ ምን ሆነህ ልትቀመጥ ነው? እኔስ ያንን ፊትህን እያየሁ እንዴት ልኑር?…

— ስማኝ። ሻንጣህን ይዘህ ከዚያ ኤርፖርት ውጣ። አዎ፣ ውጣ! ደስ ብሎኝ እንዳይመስልህ። ውሃው ከጉድጓዱ ወጥቶ፣ በራሱ መጥቶ፣ ሳምንት ሙሉ ሳይቋረጥ ሲፈስ ካላየህ እንዳትመጣ። በሩን አልከፍትልህም። ክኒኑን ግን በየዕለቱ ዋጥኩ ብለህ ትጽፍልኛለህ። ረጅም አድርገህ ጻፍ፣ አሁን ፈርቼ አልቀርም… ምን?… እሱንማ ጽፈኸዋል፣ በአፍህ አትድገመው፣ ሰው ይሰማል… ሂድ። ልጄን ስጠኝ።

— ሰማሽው?… ሰማሽ። አንቺ ግን ትመጫለሽ። ትሳፈሪና ትመጫለሽ። እሁድ ቤተ ክርስቲያን ሪፖርት አቅርቡ ይሏችኋል አይደል? ትቆሚያለሽ። «ቧንቧው ባዶ ነው፣ ውሃው የሴቶቹ ነበር፣ ዘጠኙን ባልዲ የተሸከምኩት እኔ ነኝ» ትያለሽ…

— ፈራሽ። ትፍሪ። እኔ ደግሞ የማልፈራ መስሎሻል? በክርኔ የጎሰምኳት ሴትዮ እኮ ሁሌም አጠገቤ ነው የምትቀመጠው! አብሬሽ እቆማለሁ። ያጨበጨብኩት እኔ አይደለሁ? ለእጄ እኔው መልስ እሰጣለሁ… ከመዘምራን ቢያስወጡሽስ?… ያስወጡሽ። ቤት ውስጥ ትዘምሪልኛለሽ።

— ማነው የሚጮኸው?… ስልኩን ይፈልጋል?… ስጪው፣ ይስማኝ።

— አቤት ወንድሜ… እንደምን ዋሉ… አዎ፣ አቋርጣለሁ፣ በር ሊዘጋ ነው፣ ገባኝ… አይ፣ ባለቤቴ አልታመመም። ሊቀር ነው… አዎ፣ እያወቅሁ ነው። ተፈቅዶለታል… አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። እርስዎስ?… እርስዎ አይቀሩም ወይ?… ሥራ አለብዎ። ሌላ ጉዞ አለብዎ… በአምስት አገር። ይሁን እንግዲህ። ያ ቧንቧ ግን መቼ እንደደረቀ ያውቃሉ?…

— ሄሎ?… ይሰሙኛል?… ሄሎ? ወንድሜ?…

— ዘጋው።

— አይ ቀጮ፣ ውሃ አልፈልግም። ተቀመጪ… ምን እነግርሻለሁ፣ ስትሰሚ አልነበር? አሥራ አራት ሆነው ነበር የሄዱት። አሥራ ሦስቱ አሁን እየተሳፈሩ ነው፣ ልጄም ከነሱ ጋር። ባሌ ቀርቷል።