መምህሩ የመረጠው ታሪክ

በጣሊያን ጊዜ ከጀውሃ ወደ ሸዋ ሮቢት በሚሄድ ካሚዮን ላይ፣ የማሽላ ጆንያ ላይ ተጨናንቀን ተቀምጠናል። አጠገቤ ያለች ሴት ፊት ለፊታችን የተቀመጠ ደብተር የያዘ ጎረምሳ አየች።

«መምህር ነዎት?»

«አዎ እትዬ፤ ሮቢት ነው የማስተምረው።»

«ልጄም እዚያው ትማራለች። ሰሞኑን የአንድ ሽፍታ ታሪክ ታነብልኛለች።»

«ጫካ ገብቶ ገበሬ የሚዘርፈውን?»

ሴትዮዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እሱን። አባቷ፣ አላህ ይማረውና፣ ጫካ ገብቶ ጣሊያንን ሲወጋ ነው የሞተው። ‹አባቴም ሌባ ነበር?› ብላ ጠየቀችኝ።»

መምህሩ ደብተሩን ወደ ደረቱ አስጠጋ።

«ጣሊያኖቹ ያንን አስተምር ብለው አስገድደውዎት ነው?»

«አይደለም። ብዙ ታሪክ ሰጥተውኝ ለተማሪዎቹ የሚሆነውን ምረጥ አሉኝ። ስለ እርሻም፣ ስለ እንስሳትም ነበረበት።»

«ታዲያ?»

«ይህን ብመርጥ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ይህንኑ ለልጄ ይንገሩልኝ።»

«እነግራታለሁ። ስሟ ማነው?»

«ስሟን ምን ያደርጉታል? አባታቸው ጫካ የቀረባቸው ልጆች ብዙ ናቸው፤ ለሁሉም ይንገሯቸው።»

እኔም የጣሊያን ቢሮ ለጸሐፊነቴ የሰጠኝን ቆብ ቀስ ብዬ አውልቄ ከነጠላዬ ሥር ሸሸግሁት።