ያልተዘጋው ስብሰባ፦ የጓድ ሂልዲንግ ላንቶ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ሐዘንተኞች፣ በዚህ ብርድ ከሉሌዮ፣ ከኡሜዮና ከየደሴቱ ወንድሜን ልትሸኙ የመጣችሁ ወዳጆች፣ ይህን የሕይወት ታሪክ የማነብላችሁ ታናሽ እኅታቸው ሄልሚ ነኝ። እኔ የጸሎት ቤት ሰው በመሆኔ «ጓድ» የሚለው ቃል አፌን ባይለምደውም፣ ሟቹ «ያለ እሱ ከጠራሽኝ ከሳጥኑ ተነሥቼ እወጣለሁ» ብለው ስላስጠነቀቁኝ፣ እስከ መጨረሻው ጓድ እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

ጓድ ሂልዲንግ ላንቶ ከአባታቸው ከአቶ ኢሳክ ላንቶና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቴክላ በ1934 በካሊክስ ወንዝ አፍ ላይ በምትገኘው በሳንድሆልመን መንደር ተወለዱ። አባታችን በጸደይ ግንድ በወንዝ እያንሳፈፉ ወደ ባሕር የሚያወርዱ ሠራተኛና የግንድ ነጂዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ሲሆኑ፣ እናታችን ደግሞ በጸሎት ቤቱ የፊት ወንበር ላይ የሚቀመጡ አጥባቂ ነበሩ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ሃይማኖት ነበረ ማለት ይቻላል፤ ወንድሜ የአባታቸውን፣ እኔ የእናቴን ይዘን አደግን።

አባታችን ለልጃቸው ያወረሱት ሀብት ከበርች እንጨት የተጠረበ የስብሰባ መዶሻ ነበር። በእኛ አገር የአደን ቡድኑም ሆነ የጸሎት ቤቱ ኮሚቴ፣ ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን በመዶሻ እስኪመታ ድረስ ምንም ነገር ተወሰነ አይባልም፤ ሰው ሁሉ እጁን አውጥቶ ቢስማማም እንኳ ያልተመታ ነገር ገና በአየር ላይ ነው። «ካልመታህ አልወሰንክም፤ ከመታህ ደግሞ አታልቅስ» ይሏቸው ነበር አባታችን፤ ወንድሜም ይህን ምክር ከአሥርቱ ትእዛዛት አስበልጠው ይዘውት ኖሩ።

የስድስት ዓመት ትምህርታቸውን በመንደሩ ትምህርት ቤት እንዳጠናቀቁ በእንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ ተቀጥረው፣ ቀን ከመጋዙ ጩኸት ጋር ሲታገሉ እየዋሉ፣ ማታ ማታ በሠራተኞች የጥናት ክበብ ከባባድ መጻሕፍትን እያነበቡ፣ ዕውቀታቸውን በራሳቸው ጥረት አሰፉ። በፋብሪካውም የአቧራ ማስወገጃ እንዲተከል ሠራተኛውን አስተባብረው ሥራ ያስቆሙትና ያስተከሉት እሳቸው ናቸው፤ ዛሬ በዚህ አዳራሽ ሳትስሉ የተቀመጣችሁ የፋብሪካው ጡረተኞች ይህን ታውቃላችሁ።

በሠራተኞች የናስ ሙዚቃ ጓድ ውስጥ ቱባ የሚባለውን ትልቁን መለከት ይነፉ የነበሩትን ወይዘሮ አልፍሂልድን በ1958 አግብተው፣ ዛሬ በኡሜዮ ነርስ የሆነችውን ልጃቸውን ማሪትን ወለዱ። ሙሽራዋን ባየሁበት ቀን «ይቺ ሴት መለከቱን ተሸክማ ዳገቱን ከወጣች ወንድሜንም አትቸገርበትም» ብዬ ነበር፤ አልተሳሳትሁም።

ትልቁ የኮሙኒስት ፓርቲ በሞስኮና በፔኪንግ ጉዳይ ሲሰነጠቅ፣ ጓድ ሂልዲንግ ከጥቂት የፋብሪካ ሰዎች ጋር ወጥተው የኮሙኒስት ሠራተኞች ኅብረት የተባለውን የትንሹን ፓርቲ የሳንድሆልመን ቅርንጫፍ መሠረቱ፤ ትንሹም ፓርቲ ቆይቶ በአልባኒያ ጉዳይ እንደገና ሲሰነጠቅ ቅርንጫፉ ትልቅ ቤተሰብ ከሚቀመጥበት ማእድ የሚበልጥ ሰው አልነበረውም። እሳቸው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ በመጠጥ መደብሩ በር ላይ፣ ጋዜጣውን በበረዶ ላይ በሚገፋ ተንሸራታች ጭነው ሳይሸማቀቁ ይሸጡ ነበር። ሰካራሞቹ «ሂልዲንግ፣ አብዮቱ መቼ ነው?» እያሉ ሲያሾፉባቸው፣ «አንተ ስትነቃ» ብለው ይመልሱላቸውና ጋዜጣውን ያስገዟቸው ነበር። በአንድ ምርጫ ፓርቲው በመንደራችን ከአባላቱ ቁጥር በአንድ ያነሰ ድምፅ አግኝቶ፣ ከሃዲው ማን እንደሆነ ለማወቅ ክረምቱን ሙሉ ሲመረመር እንደከረመም አይዘነጋም።

አሁን ወደ 1974 እመጣለሁ፤ ይህን እንዳልዘል ሟቹ ራሳቸው አዝዘውኛል። በዚያ ዓመት በሜይ ዴይ ሁለት ሰልፍ ወጣ፤ አንዱ በሥልጣን ላይ የነበረው ፓርቲ ረጅም ሰልፍ፣ ሌላው የትንሹ ፓርቲ አጭር ሰልፍ። የናስ ሙዚቃ ጓዱ ግን አንድ ብቻ በመሆኑ ረጅሙን ሰልፍ ይዞ ሄደ፤ ወይዘሮ አልፍሂልድም የትንሹ ፓርቲ አባል ሆነው ሳሉ ቱባቸውን ታቅፈው አብረው ሄዱ። ዛሬ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ጓድ ቬርነር ኦጃላ፣ ወይዘሮዋ ለመደብ ጠላት ነፍተዋልና ከፓርቲው ይባረሩ የሚል ሐሳብ አቀረቡ። በደንቡ መሠረት ተከሳሿ ከስብሰባው ወጥተው እዚሁ የሕዝብ ቤት በምንለው አዳራሽ ወጥ ቤት ውስጥ ለተሰብሳቢዎቹ ቡና ሲያፈሉ፣ ድምፁ እኩል ለእኩል ሆነና ፍርዱ በሊቀ መንበሩ በባላቸው እጅ ወደቀ። ጓድ ሂልዲንግም ለሚስቱ አዳላ እንዳይባሉ ብለው «ትባረር» አሉ። ወይዘሮዋ ላባረሯቸው ሰዎች ቡናውን ከነኩኪሱ አቅርበው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው ወደ ቤታቸው ሄዱ፤ ባላቸው ሲደርሱም «ከፓርቲ ነው እንጂ ከቤት አላባረርከኝም አይደል? በል ድንቹን ላጥ» አሏቸው።

ሳቃችሁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ወንድሜ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ነገር እንደ እሾህ ውስጣቸው ቀረ። የተባረረ አባል የሚመለሰው ስሕተቱን አምኖ ሲያመለክት ብቻ በመሆኑ፣ ወይዘሮዋም «የቱን ኖታ ነው የሳትኩት?» እያሉ አሻፈረኝ በማለታቸው፣ ደንብ የማይጥሱት ባልና የማይለምኑት ሚስት በአንድ አልጋ እያደሩ በፓርቲ ተለያይተው ኖሩ። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ በዚያ ቤት ግን ሁለቱም ውጠውታል። እኔም «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» እያልሁ ብወተውታቸው፣ «እኔ እንደሆነ አልጸልይ» ይሉኝ ነበር። ከዚያ በኋላ በነበሩት ምርጫዎች ፓርቲው ከአባላቱ ቁጥር በአንድ የበለጠ ድምፅ ያገኝ ጀመርና ጓድ ቬርነር «ሰፊው ሕዝብ መንቃት ጀምሯል» ብለው ደስ አላቸው። ሰፊው ሕዝብ አልፍሂልድ ነበሩ።

ዓመታት ሲያልፉ አባላቱ ከፊሉ ወደ ደቡብ ሄደው፣ ከፊሉ ወደ መቃብር ወርደው፣ ቅርንጫፉ ሁለት ሰው ብቻ ቀረው፤ ምልዓተ ጉባኤው ደግሞ ሦስት ነው። ጓድ ሂልዲንግና ጓድ ቬርነር በየወሩ ይገናኙና፣ ስብሰባው ይከፈትና፣ ጉባኤው እንዳልሞላ ይረጋገጥና ይዘጋ ነበር። የሳንባ ሕመም ጠንቶባቸው ወንድሜ ወደ አረጋውያን ቤት ሲገቡ፣ ሞትን ሳይሆን አልፍሂልድን ከፓርቲው ውጭ ትቶ መሞትን እንደሚፈሩ ለእኔ ነገሩኝ፤ እኔም ወንድሜ ሲፈሩ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር፣ ጸሐይ በወጣችበት አንድ ረፋድ ላይ፣ ጓድ ቬርነር እንደ ወትሯቸው መዶሻውን ይዘው መጡ፤ ወይዘሮ አልፍሂልድ በአልጋው ራስጌ ብርቱካን ይልጡ ነበር፤ እኔ በመስኮቱ በኩል ተቀምጬ ሹራብ እሠራ ነበር። ወንድሜ ትንፋሻቸውን ሰብስበው እንዲህ አሉ፦

«ቬርነር፣ ያን ለት እኮ አልመታሁም።»

«ምኑን?»

«መዶሻውን ነዋ። እጄ እምቢ አለኝ። እናንተ ቡናው ሸቷችሁ ብድግ ብድግ ስትሉ ማንም ልብ አላለም። እኔም አፍሬ ዝም አልኩ።»

ጓድ ቬርነር «ካልተመታማ አልተወሰነም» አሉ። ወይዘሮዋ ከብርቱካኑ ቀና ሳይሉ «እኔማ አውቄዋለሁ» አሉ። «ወጥ ቤት ሆኜ ጆሮዬን ጥዬ መዶሻውን ስጠብቅ፣ ጭጭ። ይናገራል ብዬ ጠበቅኩት፤ ይኸው ጥርሴ አለቀ።»

ወንድሜ አለቀሱ፤ ከአንጀታቸው ስለነበረ እኛም አልቀረንም። ጓድ ቬርነር ግን አፍንጫቸውን ጠርገው፣ ወይዘሮዋ ከቶ ተባርረው ስለማያውቁ ሦስት ሰው እንዳለ፣ ሦስት ሰው ካለም ጉባኤው እንደሞላ አስታወቁ፤ የመባረሩን ሐሳብም ራሳቸው መልሰው ወሰዱት። ወንድሜ መዶሻውን ማንሳት ስላልቻሉ ወይዘሮ አልፍሂልድ ሊቀ መንበር ሆነው ተመረጡና የምግብ ትሪውን እንዲህ አድርገው ሲመቱት ብርጭቆው ተገልብጦ ውኃው ወንድሜ ላይ ፈሰሰ፤ እሳቸውም ሳል እስኪያፍናቸው ሳቁ። ቅርንጫፉም እንደማይፈርስ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ሊዘጋ ሲል ግን ወንድሜ «ቆይ፣ ዛሬ አይዘጋ፤ ስሸኝ ትዘጊዋለሽ» ብለው ስለጠየቁ ስብሰባው ክፍት ሆኖ ቆየ። በዚያው ሳምንት፣ እጃቸው በሚስታቸው እጅ ውስጥ እንዳለ፣ በተወለዱ በሰባ ሰባት ዓመታቸው ዐረፉ።

ጓድ ሂልዲንግ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን ማሪትን፣ የልጅ ልጃቸውን ኤሊስን፣ እኔን እኅታቸውንና እንደገና ሁለት ሰው የቀረውን ፓርቲያቸውን ትተው አልፈዋል። ጓድ ቬርነር ከጧት ጀምሮ ወደ እኔ እያዩ ነው፤ አይድከሙ፣ እኔ ሌላ ማኅበር አለኝ።

ወንድሜ ጸሎት እንዳይነበብላቸው ነግረውኝ ነበር፤ ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ዛሬ ድምፅ የላቸውም። ስለዚህ በእናታችን ስም እለምናለሁ፦ እግዚአብሔር የዚህን እልኸኛ ሰው ነፍስ በደግ ሰዎች አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለባለቤታቸው ጽናትን ይስጥልን፤ አሜን።

እንግዲህ የቀረው አንድ አጀንዳ ብቻ ነው። ጓድ ሊቀ መንበር አልፍሂልድ፣ መዶሻው በእጅዎ ነው፤ ይምቱት፣ ወንድሜ ይሰማሉ።