አስር እፍኝ ከአንድ ጆንያ

የደም ግፊት መለኪያዬን አንግቤ ከመሳለሚያ ወደ ሲኒማ ራስ ሳቀና ከጋሼ ጠሀ ጋር ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ድንገት ተገጣጠምን። እሳቸው የቅመም ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ እኔ መንገድ ዳር ግፊት እለካለሁ። ስታትስቲክስን ማን አስተማረሽ ለሚለኝ መልሴ አንድ ነው፦ «ማንም፤ ለዚህ ነው በደንብ የገባኝ።»

«ዱንያ፣ እንኳን አገኘሁሽ! ከነገ ጀምሮ የግፊት ኪኒኔን ልተው ነው» አሉኝ። «የከርከዴ ሻይ ግፊት እንደሚያወርድ ራሴ አረጋገጥኩ። ከመጠጣቱ በፊትና በኋላ፣ አስር ቀን ለካሁ። አስሩንም ቀን ወረደ!»

«ማንን ለኩ?»

«ተሸካሚዬን፣ ማስረሻን።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ያደርጋል? አስር ጊዜ አልኩሽ እኮ!»

ሳቄ አመለጠኝ። «ይቅርታ ጋሼ፣ አርባ ጆንያ ጥቁር አዝሙድ ቢመጣልዎ፣ ከአንዱ አስር እፍኝ ዘግነው ሁሉንም ይረከባሉ?»

«አበድሽ? እያንዳንዱን ነው የማየው!»

«ማስረሻም አንድ ጆንያ ነው። ለመሆኑ ከመጠጣቱ በፊት መቼ ነው የለኩት?»

«ሸክሙን እንዳወረደ።»

«ከጠጣ በኋላስ?»

«አረፍ ብሎ ተቀምጦ።»

«ታዲያ ግፊቱን ያወረደው ከርከዴው ይሁን ወንበሩ በምን አወቁ?»

ፊታቸው ቀላ። «እሺ ብልጢት፣ ስንት ሰው ይበቃል? ሺህ?»

«ሺህ ምን ያደርጋል? እያንዳንዱ ሰው የሚነጻጸረው ከራሱ ጋር ነው፤ የምናየው የበፊቱና የኋላው ልዩነት ብቻ ነው። ሁሉም በፊትም በኋላም አርፈው ይለካሉ። ስንት ነጥብ ቢወርድ ነው የሚጠቅመው ይላሉ?»

«አምስት።»

«ያ ልዩነት ከሰው ሰው ምን ያህል እንደሚበተን በጥቂት ሰው እንሞክራለን፤ አስር ሆነ እንበል። አስር ለአምስት ሲካፈል ሁለት። ሁለት በራሱ ሲባዛ አራት። በስምንት ሲባዛ ሠላሳ ሁለት። የሚያቋርጥ ስለማይጠፋ አርባ እንያዝ።»

«ስምንቷ ከየት መጣች?» ነጋዴ ናቸው፤ ቁጥር አያልፋቸውም።

«የጥንቃቄ ቁጥር ናት። የተባለው ለውጥ በእውነት ካለ ከአምስት ሙከራ በአራቱ እንድናገኘው፣ ከሌለ ደግሞ ከሃያ አንዴ በላይ እንዳንታለል። የሚፈልጉትን ለውጥ በግማሽ ቢያሳንሱት ሰዉ አራት እጥፍ ይሆናል።»

«ለምን ቁጥሩን አስቀድሜ እቆርጣለሁ? እየለካሁ ልሂድና ደስ ያለኝ ጊዜ ላቁም።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሚዛኑ ወደ እርስዎ ሲያጋድል ጠብቆ ማንሳት ነው።»

«አስተግፊሩላህ!» አሉ፤ ድምፃቸው ወረደ። በሚዛን ተጠርጥረው አያውቁም።

እውነትም ቁጥሩን አስቀድሞ የቆረጠ ሰው ራሱን አያታልልም። አንሶበት እውነቱ አያመልጠው፣ በዝቶበት ሰው በከንቱ አያለፋ።

ጋሼ ጠሀ ከኪሳቸው ኪኒኑን አውጥተው ዋጡ። «እስከ አርባው ሰው ድረስ እውጣለሁ።»

«ከአርባውም በኋላ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ አያቆሙም።»

«ምላስሽ!» አሉና ወደ ሱቃቸው ዞረው ጮሁ፦ «ማስረሻ! ፈቃደኛ የሆኑ ሠላሳ ዘጠኝ ሰዎች ፈልግልኝ! አንተ ብቻህን አልበቃህም!»