ጠላት ብቻ የመሰከረበት የእትዬ የማንልጅ ሕይወት

የማታምኑኝ ካላችሁ ከአሁኑ እጃችሁን አውጡ። ማንም የለም? ጥሩ፣ ቆይታችሁ ታወጣላችሁ። አሁን በማነብላችሁ ዜና ሕይወት ውስጥ እትዬን የሚወድ ሰው የተናገረው አንድም ቃል የለበትም። የእናቴ የለበትም፣ የጎረቤት የለበትም፣ የእኔም የለበትም። ሁሉም ከጠላቶቻቸው አፍ የተለቀመ ነው፤ ያዘዙትም ራሳቸው ናቸው። ሆስፒታል ተኝተው ሳለ እኔን የልጅ ልጃቸውን ጠርተው፣ «ስሚ፣ ስለ እኔ የሚወዱኝን እንዳትጠይቂ። ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ለየብቻ ተጠይቀው አንድ ዓይነት ነገር ካሉ ብቻ አንብቢ። ደግ ነበሩ፣ ሩህሩህ ነበሩ ምናምን ካልሽ ከሳጥኔ ተነስቼ በጥፊ ነው የማጮልሽ» አሉኝ። ስለዚህ መሐረብ ያወጣችሁ ወደ ኪሳችሁ መልሱት፤ ከፊት የተቀመጣችሁትም ከንፈር መምጠጡን ለጊዜው ተዉት።

እትዬ ሰው የዘር ሐረጉን እንዴት ፈልጎ እንደሚያገኝ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ይህም የትምህርታቸው ዋና ዘዴ ነበር። «የሚዋደዱ ሰዎች ተስማምተው ይዋሻሉ፤ የተኳረፉ ግን ለመዋሸት እንኳን አይስማሙም» ይሉ ነበር። እኔም እንደታዘዝኩት ሁለት ሰው ጠየቅሁ። አንዱ የሱቅ ሰሌዳ የሚጽፉት ሠዓሊው ናቸው። ሌላው ጎሚስታው ናቸው፤ እትዬ ያስተምሩበት የነበረው ክፍል የሳቸው ነው፣ እሳቸው ታች ጎማ ይለጥፋሉ። ሁለቱም ከእትዬ ጋር ዓይንና ናጫ ነበሩ። እርስ በርሳቸውም አይነጋገሩም፤ ሠዓሊው በጎሚስታው ሰሌዳ ላይ የሳሉት ጎማ ቁርጥ ዳቦ ስለመሰለ ሰው ሁሉ «ትኩስ አለ?» እያለ እየገባ አስቸግሯቸዋል። ዛሬ አንድ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። እንዳትነሱ፣ እያየኋችሁ ነው።

ዜና ሕይወት ሲነበብ መጀመሪያ ከእናታቸው ከእንትና፣ ከአባታቸው ከእንትና ተወለዱ ይባላል። እሱን አሁን አላነብም። እትዬ የማን ልጅ ናቸው የሚለው ዕድሜ ልክ የተሰዳደቡበት ጉዳይ ስለሆነ መጨረሻ ላይ እንደርስበታለን። ሠዓሊው ምናቸው እንደሆኑም እዚያው ይለይለታል፤ እስከዚያ ሠዓሊው እያልኩ ብቻ ነው የምጠራቸው።

እትዬ ያደጉት በአንድ ሰዓት ጠጋኝና በአንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው ሙሉ የሰው ሰዓት ተሰቅሎ ሁሉም በየራሱ ጊዜ ይደውል ስለነበር፣ በሰፈሩ ውስጥ ሰዓት ስንት እንደሆነ የማያውቅ ብቸኛ ቤት የሰዓት ጠጋኙ ቤት ነበር። ሠዓሊውም እዚያው ነው ያደጉት፤ በአራት ዓመት ይበልጧቸዋል፤ አንድ አልጋ ላይ ሲተኙ ብርድ ልብሱን ጠቅልለው የሚወስዱት እትዬ ነበሩ። «ትነክሰኝ ነበር» ይላሉ ሠዓሊው። «እኔንም ነክሳኛለች» ይላሉ ጎሚስታው። ሁለት ጠላት ተስማማ። ስለዚህ እትዬ ነካሽ ነበሩ ማለት ነው።

ትምህርት ቤት ገብተው በርትተው ሲማሩ ቆዩና፣ ቤት ውስጥ አይተው የለመዱትን ሙያ ተጠቅመው የርእሰ መምህሩን የግድግዳ ሰዓት ወደፊት በማስኬድ፣ ተማሪውን በሙሉ ገና በጠዋቱ ወደ ቤቱ ልከውታል። የተገረፉት ግን በአጠገቡ ሲያልፉ የተገኙት ጎሚስታው ናቸው፤ ጠላትነቱም ከዚያ ይጀምራል።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ስልክ ቤት ተቀጥረው፣ ገመድ እየነቀሉና እየሰኩ ሰውን ከሰው የሚያገናኙ ስልከኛ ሆኑ። ሌላው ስልከኛ «ማን ልበል?» ብሎ ያቆማል፤ እሳቸው «የማን ልጅ?» ብለው ይቀጥላሉ። ደዋዩ አባቱን ከተናገረ አያቱን ይጠይቁታል፤ አልናገርም ካለ መስመሩ ወዲያው ይበላሻል። በዚህ ዓይነት የራሳቸው ስም ተረስቶ እትዬ የማንልጅ ሆነው ቀሩ። አንድ የአውቶቡስ ሹፌር ሊያገቧቸው ፈልገው እናታቸውን ይዘው ቢመጡ፣ እትዬ ሴትዮዋን አፋጥጠው ቤተሰቡ ደብቋት የኖረውን የሹፌሩን አያት ሁለተኛ ሚስት አወጡ። እናትየው ዓይንሽን አያሳየኝ ብለው ወጡ። ሹፌሩ ግን «እናቴን ያፋጠጠች ሴትማ አትለቀቅም» ብለው አገቧቸው፤ አንዲት ልጅ፣ ነርሷን እናቴን፣ ወልደው በጊዜ አረፉ። ሹፌሩ ጠላት ስላልነበራቸው ስለ እሳቸው የተረጋገጠ ሌላ ነገር የለንም።

ስልክ ያለ ስልከኛ በራሱ መደወል ሲጀምር ስልክ ቤቱ እትዬን አሰናበታቸው። እሳቸውም ከጎሚስታው በላይ ያለውን ክፍል ተከራይተው ከሠዓሊው ጋር ትምህርቱን ጀመሩ፤ ያኔ አልተጣሉም ነበር። እትዬ ያስተምራሉ፣ ሠዓሊው የእያንዳንዱን ተማሪ ሐረግ ግድግዳ ላይ በቀለም ይስላሉ። በሩን ስትከፍቱ ፊት ለፊት የራሳቸው ነበር፦ ከታች ሰዓት ጠጋኙና ልብስ ሰፊዋ፣ ከላይ ሁለት ቅጠል፣ ሠዓሊውና እትዬ። የክፍሉ ሕግም አንድ ነበር፤ በፍቅር የተጻፈ ስም ይፋቃል። አንድ ፀጉር ቆራጭ ያሳደገውን የእንጀራ አባቱን እንደ ወላጅ አባት አስስሎ ሲገኝ፣ እትዬ ስሙን በቢላ ፍቀው፣ «ፍቅርህን ይዘህ ቤትህ ሂድ፤ እዚህ የሚጻፈው የወለደ ነው» ብለው ከነካፖርቱ አባረውታል።

አንድ ቅዳሜ ተማሪዎቹ ዘዴው አልገባንም ብለው ድርቅ አሉ። እትዬም፣ «መልሱ የሚታወቅ ቀላል ምሳሌ ላሳያችሁ፣ የራሴን ልደት» ብለው ክፍሉን በሙሉ አስከትለው ወረዱ። በአንድ የግንብ አጥር የተኳረፉ ሁለት አሮጊቶች ነበሩ፣ አንዷ አዋላጅ፣ አንዷ ልብስ አጣቢ። መጀመሪያ አዋላጇ በር ላይ ቆመው፣ «እኔን ማን ወለደኝ?» አሉ። አዋላጇ የተሰለፈውን ተማሪ ዓይተው፣ «እኔ እንጃ ልጄ፣ የሰዓት ጠጋኙን ሚስት ያዋለድኳት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም ወንድ ነው» አሉ። ልብስ አጣቢዋ ጋ ሄዱ። «አንቺማ ተጠቅልለሽ ነው የመጣሽ። መናኸሪያ ጥለውሽ ልብስ ሰፊዋ አግኝታ ይዛሽ መጣች፤ የማን እንደሆንሽ ማንም አያውቅ።»

ሁለት የተኳረፉ ሰዎች፣ አንድ ዓይነት መልስ፣ ክፍሉ ሙሉ ምስክር በቆመበት። የተባረረው ፀጉር ቆራጭ ተደብቆ ተከትሎ ነበርና ከኋላ፣ «አሁን ገባን፣ እትዬ» አለ።

እትዬ ቀጥ ብለው ወደ ክፍሉ ተመለሱ፣ ቢላቸውን አወጡ፣ የራሳቸውን ቅጠል ይፍቁ ጀመር። ሠዓሊው ብሩሽ እንደያዙ ደረሱ።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ታውቅ ነበር?»

«በዝናብ ይዛሽ ስትመጣ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። አውቃለሁ። እና ምን ይጠበስ?»

«እና አትነግረኝም?»

«እህትህ ናት ብላ በእጄ አስታቀፈችኝ። ምኑን ልንገርሽ?»

«አንተ ተመራማሪ አይደለህም፤ የዳቦ ሠዓሊ ነህ!»

«ብትፈነጂም እህቴ ነሽ!»

ከዚያ በኋላ ጦርነት ሆነ። ሠዓሊው ይጽፋሉ፣ እትዬ ይፍቃሉ። ሠዓሊው የዘይት ቀለም ይዘው መጡ፤ እትዬ የብርጭቆ ወረቀት ይዘው መጡ። ግድግዳው እየሳሳ ሄዶ ጡቡ ብቅ ሲል ጎሚስታው «ቤቴን ናዱት!» እያሉ ሁለቱንም ከታች ይረግማሉ። በመጨረሻ ሠዓሊው ከኮሪደሩ ማዶ ሌላ ክፍል ይዘው፣ «ማን ወለደህ ሳይሆን ማን አሳደገህ» የሚባልበት የራሳቸውን ትምህርት ከፈቱ፤ የመጀመሪያ ተማሪያቸውም ፀጉር ቆራጩ ሆነ። እትዬ የሠዓሊውን ጥቁር ሰሌዳ ሻማ ቀብተው ጠመኔ አልጽፍ እንዲል አደረጉ። ሠዓሊው የእትዬን የበር እጀታ ባልደረቀ አረንጓዴ ቀለም ቀብተው የተማሪዎቻቸውን ሁሉ መዳፍ አረንጓዴ አደረጉት። እዚህ የተቀመጣችሁ ተማሪዎች አትሳቁ፣ የአንዳንዳችሁ እስካሁን አልለቀቀም።

ግን እትዬን ቀልዱ አላሳቃቸውም። ለዓመታት መናኸሪያውን ቢያስሱም አንድ የሚያውቃቸው ሰው አላገኙም። ከዚያ ወዲህ ያገኙትን ሰው ሁሉ «የማን ልጅ ነህ?» ብለው ቶሎ የሚያፋጥጡት ሰውየው ቀድሞ እንዳይጠይቃቸው ነበር። ፀጉር ቆራጩን ያባረሩ ሰው ደግሞ ለራሳቸው ሲሆን ሕጉን ማጠፍ አልሆነላቸውም።

ከዚያ ኩላሊታቸው ታመመ። ሐኪሞቹ ብዙ አይቆዩም አሉ። ሠዓሊው በየቀኑ እየመጡ ኮሪደር ላይ ይቀመጣሉ፣ እትዬ ግን ለነርሶቹ፣ «የሚገባው ዘመድ ብቻ ነው። እሱ ምኔ ነው?» ብለዋል። እናቴ ብትለምን ብታለቅስ አልሰሟትም። ሠዓሊው ሳያይዋቸው ሊቀሩ ነው ብለን ተስፋ በቆረጥንበት ቀን ጎሚስታው መጡ፤ «ልጠይቃት አይደለም፣ የክፍሌን ቁልፍ ልወስድ ነው» እያሉ።

ሠዓሊው ከዳቦው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አናገሯቸው። «ስማ፣ አንተ ሁለታችንንም አትወድም አይደል?»

«ሁለታችሁንም ጥርግ ያርጋችሁ!»

«ለዚያ ነው የፈለግኩህ። ሁለት ጠላት ለየብቻ ተጠይቆ አንድ ዓይነት ካለ እውነት ነው ብላ የለ? ከእኔና ከእሷ የባሰ ጠላት የት ይገኛል? በል መጀመሪያ እኔን ጠይቀኝ፣ የማን ልጅ ናት በለኝ።»

«የማን ልጅ ናት?»

«የእናቴ።»

ጎሚስታው ገቡ። እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኝተው ነበር።

«አንቺ ነካሽ፣ የማን ልጅ ነሽ?»

ሰውን ሁሉ ሲጠይቁ የኖሩትን ጥያቄ እሳቸውን ደፍሮ የጠየቃቸው አልነበረም። ብርድ ልብሱን ወደ ራሳቸው ጠቀለሉ። እናቴ መርፌዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች። ጎሚስታው ሊወጡ ዘወር ሲሉ፦

«እሱ ምን አለ?»

«አይነገርም። ለየብቻ ነው፤ የራስሽ ሕግ ነው።»

«ደደብ!» አሉ እትዬ። ከዚያም፣ «የእናቱ ልጅ ነኝ። እሷ ግን ምን በድላ እሱን እንደወለደች አላውቅም። በል ጫማውን ይጥረግና ይግባ።»

ገቡ። ሲሰዳደቡ ዋሉ፤ ነርሶቹ ጩኸቱ ቢበዛባቸው በሩን ዘጉባቸው። እትዬ በማግስቱ እጃቸው በሠዓሊው እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ። የመጨረሻ ቃላቸውን የሰሙት ሠዓሊው ብቻ ናቸው፤ ሁለተኛ ምስክር ስለሌለ በሕጉ መሠረት አላነበውም።

አሁን መጀመሪያ መነበብ የነበረበትን ላንብብ። እትዬ የማንልጅ ከአባታቸው ከሰዓት ጠጋኙ፣ ከእናታቸው ከልብስ ሰፊዋ ተወለዱ። ሁለት ጠላት ለየብቻ ተጠይቆ አረጋግጧል። እጁን የሚያወጣ አሁን ያውጣ።

እትዬ አንዲት ልጅና አንዲት የልጅ ልጅ፣ በአንድ ኮሪደር ግራና ቀኝ የሚጨቃጨቁ ተማሪዎች፣ «አላለቀስኩም፣ የጎማ አቧራ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው» የሚሉ አንድ ጎሚስታ፣ እና አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል። ወንድማቸው ትናንት ቅጠላቸውን እዚያው የተፋቀው ጡብ ላይ መልሰው ስለውታል። ጎሚስታው ዓይተው «ዳቦ ይመስላል» ብለዋል። ይምሰል፤ ማንም እንዳይፍቀው።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሰላም ባለበት ያሳርፍልን። በገነት በር ላይ የማን ልጅ ነሽ ቢባሉ መልሱን ይዘው ሄደዋል፤ እኔ የምሰጋው ቀድመው እሳቸው እንዳይጠይቁ ነው። እናንተ ደግሞ ከዚህ ስትወጡ ይህን ለሚዋደዱ ሰዎች እንዳትነግሩብኝ፣ ያሳምሩታል። ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ፈልጉና ለየብቻ ንገሩልኝ።