የደረሰኝ ማሽን

ዕድል ወደ እኔ ስትመጣም እያላገጠች ነው። ባለፈው እዚህ ሱዳን፣ ዶካ ገበያ ሳሙና ስገዛ ባለሱቁ የዕጣ ቁጥር ሰጠኝ። ዕጣው ሲወጣ "መብሩክ ያ ሀበሺ! ግንድ የሚያነሳ ማሽን ደረሰህ!" ብሎ ጮኸ። አብሮኝ ዛፍ የሚመነጥረው ሞላ መጥረቢያውን እዚያው መሬት ላይ ጣለና "በቃ ተገላገልን!" አለኝ። ማሽኑ ግን በካርቶን መጣ። ብሎኑ ሳይቀር እውነተኛውን ይመስላል፤ የሚቀመጠው ግን መዳፍ ላይ ነው። መንጋጋውም ይሠራል፤ መፋቂያዬን ባስነክሰው ጥብቅ አድርጎ ያዘው።

በማግስቱ ቁረይሻ የሚባል ቦታ፣ እርሻ ላይ ዛፍ ስንመነጥር ወገቤ አልታዘዝ አለኝ። ማሽኑን ዛፉ ግርጌ አቁሜ ጥላው ላይ ጋደም አልኩ። የእርሻው ወኪል ደርሶ "ምነው ተኛህ?" አለኝ።

"ተተኪዬን አምጥቻለሁ፤ እሱን እዘዘው" አልኩት።

ይስቃል ስል ማሽኑን አነሳው። መንጋጋውን ከፈት ዘጋ፣ ከፈት ዘጋ አድርጎ ብዙ አየውና መልሶ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ትንሽ መሆኑ በጀህ" አለኝ።

እኔም ወገቤን ይዤ ተነሳሁና መጥረቢያዬን ፈለግኩ።