ከሰመጠው መርከብ ላይ የፈላው ውሃ

ጣና ውስጥ ባለች አንዲት ደሴት ዳርቻ፣ ጠዋት፤ የአሥራ ስድስት ዓመቷ ማንጠግቦሽ ያሳደገቻትን የአክስቷን የወይዘሮ ደብሪቱን የስኳር በሽታ መርፌና የመድኃኒት ብልቃጥ ከጀርባዋ ደብቃ አልሰጥም ብላለች።

ደብሪቱ፦ አምጪው ብያለሁ! ሐይቁ ውስጥ ልወርውረውና ይውጣልኝ።

ማንጠግቦሽ፦ አልሰጥም። ከፈለጉ እኔን ይወርውሩኝ። እኔ እንኳ ዋና እችላለሁ፤ ብልቃጡ አይችልም።

ደብሪቱ፦ ምላስሽ ከቁመትሽ በልጦ ቀረ! ድኛለሁ እኮ ነው የምልሽ። የዳነ ሰው መርፌ ምን ያደርግለታል?

ማንጠግቦሽ፦ ድነዋል ያለዎት ማነው? ሐኪሙ ነው?

ደብሪቱ፦ ገላዬ ነዋ! መቀነቴን እዪው፤ ድሮ አልደርስ ይለኝ የነበረው አሁን ዞሮ ዞሮ ይተርፈኛል። ያ ሁሉ ሥጋ ረገፈ። ጸበሉ አጥንቴ ድረስ ገብቶ እያጠበኝ ነው።

ማንጠግቦሽ፦ እንስራ ሙሉ ውሃ ብቻዎን የሚጨርሱትስ? ሌሊት ለሽንት በር ሲከፍቱ ሲዘጉ ዶሮዎቹ ነጋ ብለው ተነሡ እኮ።

ደብሪቱ፦ ጥሙም የጸበሉ ነው። ያስጠማል፣ ያጠጣል፣ ከዚያ ክፉውን ይዞ ይወጣል።

ማንጠግቦሽ፦ እትዬ፣ እሱ ስኳሩ ነው! ባሕር ዳር ሐኪሙ ሲነግርዎ አጠገብዎ ነበርኩ። መርፌውን ካቆሙ ይጠማዎታል፣ ይከሳሉ፣ ትንፋሽዎ የበሰለ ፍሬ ይሸታል፣ ኋላ ራስዎን ስተው ይወድቃሉ፣ ከዚያ ወዲያ አይመለሱም አለ። እርስዎ ያን ጊዜ ጫማውን ነበር የሚያዩት።

ደብሪቱ፦ ቀዳዳ ነበረዋ! የራሱን ጫማ ያልጠገነ እኔን ይጠግናል?

ማንጠግቦሽ፦ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለ እርስዎው ራስዎ?

ደብሪቱ፦ እኔ መቼ ደበቅሁት? ሸኘሁት እንጂ።

ማንጠግቦሽ፦ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ዛሬን ብቻ ይወጉ።

ደብሪቱ፦ በእሷ ስም አትለምኚኝ፤ በእሷ ስም ነው የመሰከርኩት። ባለፈው ቅዳሜ እዚህችው ውሃው ሲፈላ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። እሳት የለ፣ ንፋስ የለ፤ ዝም ብሎ ቡልቅ፣ ቡልቅ! ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሕዝብ ፊት ቆሜ ተናግሬያለሁ። አንቺስ ራስሽ ጠጉርሽ እየተንጠባጠበ መጥተሽ «እትዬ፣ ጸበል ነው፤ እኔም ተጠመቅሁበት» አላልሽኝም?

ማንጠግቦሽ፦ ብያለሁ።

ደብሪቱ፦ ታዲያስ?

ማንጠግቦሽ፦ ታዲያማ ዋሸሁ።

ደብሪቱ፦ ምን አልሽ አንቺ?

ማንጠግቦሽ፦ ዋሸሁ። ዱላዎን ፈርቼ ነው።

ደብሪቱ፦ የምን ዱላ?

ማንጠግቦሽ፦ «የፈረንጆቹ መርከብ ዘንድ ብትደርሺ እግርሽን ነው የምሰብረው» ብለውኝ አልነበር? ደርሻለሁ።

ደብሪቱ፦ ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ብዬሽ ነበር! ቀጥዪ።

ማንጠግቦሽ፦ ቅዳሜ የቱሪስቶቹ መርከብ መጥቶ ቆመ። ሁሉም ሥዕል ሊያዩ ወደ ገዳሙ ሲወጡ አንዲት አፍንጫዋ በፀሐይ የተላጠ ፈረንጅ ቀረች። እሷ የድሮውን የሰመጠ መርከብ ነው ማየት የፈለገችው። በእጇ ታሳየኛለች፤ መርከብ፣ ወደ ታች፣ ጥልቅ! ቦታውን ደግሞ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? ስንዋኝ ብረቱ እግራችንን ይነካን የለ? መራኋት።

ደብሪቱ፦ ጋኔን ወዳደረበት ብረት!

ማንጠግቦሽ፦ ጋኔን የለም፤ አምባዛ ዓሣ ነው ያለው።

ደብሪቱ፦ በምን አወቅሽ?

ማንጠግቦሽ፦ ገብቼ።

ደብሪቱ፦ ወዴት?

ማንጠግቦሽ፦ ወደ ታች። ፈረንጇ እንደ ጋዝ ሲሊንደር ያለ ነገር ታዝላለች፤ አየር የታጨቀበት። በጎማ ቱቦ አፏ ድረስ ይመጣላታል። ትርፍ ቱቦም አለው። መነጽር አጠለቀችልኝ፣ ያንን ትርፉን አፌ ውስጥ ወተፈችው፣ ክንዴን ይዛኝ ወረድን።

ደብሪቱ፦ ኧረ እኔ ደብሪቱ! ብትሞቺብኝስ? ለእናትሽ ነፍስ ምን ልመልስ ነበር?

ማንጠግቦሽ፦ መጀመሪያ የሞትኩ መስሎኝ ነበር። ኋላ ተነፈስኩ። ውሃ ውስጥ ተነፈስኩ፣ እትዬ! መርከቡ እንደ ደከመው በሬ በጎኑ ተኝቷል። ክብ ክብ መስኮት አለው፤ ዓሣው በዚያ ሲገባ ሲወጣ ቡና ተጠራርቶ የሚሄድ ጎረቤት ነው የሚመስለው። እኔ በተነፈስኩ ቁጥር ደግሞ ከአፌ አረፋ እየተንፎለፎለ ወደ ላይ...

ደብሪቱ፦ ምን ወደ ላይ?

ማንጠግቦሽ፦ አረፋ።

ደብሪቱ፦ ዝም በይ።

ማንጠግቦሽ፦ ቀና አልኩ። ውሃው ድፍርስ ቢሆንም ዳር ድንጋዩ ላይ የቆመ እግር ታየኝ። የግራው አውራ ጣት ጥፍር የለውም።

ደብሪቱ፦ ዝም በይ አልኩሽ!

ማንጠግቦሽ፦ እጅም መጣ። አረፋውን እየዘገነ ይወስዳል፤ ደግሞ ይመለሳል። ዓይንዎን ያበሱበት የእኔ ትንፋሽ ነው። የእኔና የፈረንጇ።

ደብሪቱ፦ ሰይጣን ነው በአፍሽ የሚናገረው።

ማንጠግቦሽ፦ ሰይጣንማ ቢሆን ዝም ያሰኘኝ ነበር። እስከ ዛሬም ዝም ያሰኘኝ እሱ ነው።

ደብሪቱ፦ እልል ስልስ? ሰምተሽኛል?

ማንጠግቦሽ፦ ታች አይሰማም። ከደንገሉ ጀርባ ብቅ ስል ነው የሰማሁት። እያለቀሱ ነበር። ጠጉሬን አይተው «ምን ሆነሽ ነው?» ሲሉኝ ምላሴ ቀደመኝ።

ደብሪቱ፦ ይሄን ሁሉ ቀን ስጠጣው እያየሽኝ?

ማንጠግቦሽ፦ መጀመሪያማ ሳቅሁ። አልዋሽም፣ ጋቢ ተከናንቤ ሆዴ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ሲሆን እርስዎ ሄደው መሰከሩ። ከመሰከሩ በኋላ በምን አፌ ልንገርዎ? ትናንት ብልቃጡ እንዲቀዘቅዝ በእርጥብ አሸዋ የሚቀመጥበትን ገንቦ ከፈትኩት፤ አሸዋው ደርቋል፣ መድኃኒቱ ሳይነካ ተቀምጧል። ሳቄ ያኔ አለቀ። ሲተኙ ጆሮዬን አፍንጫዎ ስር አድርጌ አደርኩ። ትንፋሽዎ የበሰበሰ ማንጎ ይሸታል፣ እትዬ። የእኔን ትንፋሽ ይዘው የእርስዎን ሊያጡት ነው።

ደብሪቱ፦ አምጪው።

ማንጠግቦሽ፦ ሊወረውሩት?

ደብሪቱ፦ ልወጋው ነዋ፣ ጅል! አንቺ ቅጂው። ዓይኔ ጭጋግ ሆኖብኛል፤ ጸበሉ ያበራዋል እያልኩ ነበር። መጠኑን ታውቂያለሽ።

ማንጠግቦሽ፦ አውቃለሁ። ከዚያ በጀልባ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፤ አልሰማም አይበሉኝ።

ደብሪቱ፦ እሄዳለሁ። ግን ስሚ። ይሄ ነገር ከሁለታችን አይወጣም። ተደብቄ እወጋለሁ፤ ሰው ሲጠይቀኝ ድኛለሁ እላለሁ።

ማንጠግቦሽ፦ እንዴት ሆኖ?

ደብሪቱ፦ ከአፍ የወጣ አፋፍ! ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የተናገርኩትን በምን ልሰብስበው? «ደብሪቱ በፈረንጅ ትንፋሽ ተጠመቀች» እያሉ ማኅበር ላይ ጽዋው እስኪፈስ ይሳቁብኝ?

ማንጠግቦሽ፦ እኔም አልመታም?

ደብሪቱ፦ አትመቺም።

ማንጠግቦሽ፦ «ከፈረንጅ ጋር ሐይቅ ገባች» ተብሎም አይወራብኝም?

ደብሪቱ፦ ማን ሰምቶ? ገመናችን ነው።

ማንጠግቦሽ፦ እሺ። ክንድዎን ይስጡኝ። አይንቀሳቀሱ።

ደብሪቱ፦ እህ! ቀስ በይ እንጂ።

ማንጠግቦሽ፦ አለቀ። እትዬ፣ እነዚያ ቁልቁለቱን የሚወርዱት እነማን ናቸው? ከፊት እንስራ ያዘሉት?

ደብሪቱ፦ ወርቅያንሱ ናት። እኔ ነኝ ነይ ያልኳት።

ማንጠግቦሽ፦ ሳንባቸውን የሚያማቸው?

ደብሪቱ፦ እሷው። እንክብሉ አቅለሸለሸኝ እያለች ስታለቅስ ትናንት አገኘኋት።

ማንጠግቦሽ፦ ምን አሏቸው?

ደብሪቱ፦ እኔን እዪኝ አልኳት።

ማንጠግቦሽ፦ እና?

ደብሪቱ፦ «ጥለሽው ነይ» አልኳት።

ማንጠግቦሽ፦ ጣሉት?

ደብሪቱ፦ እኔን ያየ ምን ያድርግ? ጥላዋለች።

ማንጠግቦሽ፦ ይንገሯቸዋ!

ደብሪቱ፦ እነግራታለሁ። ለብቻዋ፣ ቀስ ብዬ፣ ነገ። ዛሬ ከኋላዋ ያለውን ሰው አታዪም?

ማንጠግቦሽ፦ ነገን እኔም ብዬው ነበር።

ደብሪቱ፦ ማንጠግቦሽ! ቁጭ በይ! ከተናገርሽ በዚህች ደሴት ላይ እኔም አንቺም ቀና ብለን አንሄድም!

ማንጠግቦሽ፦ ጎንበስ ብለን እንሄዳለና። እትዬ ወርቄ! እንስራውን ያውርዱት! ውሃው የሐይቁ ነው፤ ውሸቱ ግን የእኔ ነው!